ሰውየውን ረሳሁት

ዛሬ የካንጂ ደብተሬ ታርሞ ተመለሰልኝ፤ ካንጂ ጃፓንኛ የሚጻፍበት ከቻይና የመጣ ፊደል ነው። ቀይ በቀይ ሆኗል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ» ብዬ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር መምህሯ አክብባ ከጎኗ የሚስቅ ፊት ሥላበታለች። ለካ የጻፍኩት «ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤት ውስጥ እንቀሳቀሳለሁ» የሚል ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። «ከባድ» ከሚለው ካንጂ ጎን «ጉልበት» ሲቀመጥ ኡጎኩ ይሆናል፤ መንቀሳቀስ። ከፊቱ ሰው ሲቆምለት ደግሞ ሃታራኩ፤ መሥራት። ሰውየው ሁለት ጭረት ነው። እሱን ነው የዘለልኩት። ሃታራኩ የሚባለው ካንጂ እንደሌሎቹ ከቻይና አልመጣም፣ ጃፓኖች ራሳቸው የፈጠሩት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ቅዳሜ ማታ ያ ሁሉ ሳህን ተከምሮ ሲጠብቀኝ ሰውየው የት እንደሚገባ እኔም አላውቅም።

የዚህ ሳምንት ካንጂዎች ሁሉ የእንቅስቃሴ ናቸው። ሺንኒዮ የሚሏት፣ ከግራ ወርዳ ከሥር እንደ ጅራት የምትጎተተዋ የመንገድ ምልክት ብዙም አላስቸገረችኝም። «ቅርብ»ም «ሩቅ»ም እሷ ላይ ተሳፍረዋል። ሩዝ ሲጫንባት «መንገድ መሳት» ይሆናል። እኔ ሩዝ የጫነ አህያ መንገድ ጠፍቶት ብዬ ይዤዋለሁ።

ልቤን የወሰደው አሩኩ ነው፤ መራመድ። ከላይ «መቆም»፣ ከታች «ጥቂት»። ጥቂት እየቆሙ መሄድ ብዬ በቃሌ ያዝኩት። በኋላ መዝገበ ቃላት ስገልጥ፣ «መቆም» የሚለው ራሱ ጥንት የእግር ሥዕል ነበር። መራመድ ማለት ሁለት እግር፣ አንዱ ከአንዱ ፊት። «ጥቂት» የመሰለኝ የታችኛው ለካ በዘመን ብዛት መልኩ የተለወጠ እግር ነው።

ሃሺሩም፣ መሮጥ፣ ከሥሩ እግር አለው። ከላይ ያለው ደግሞ እጁን እያወናጨፈ የሚሮጥ ሰው ነበር። እግሬ አውጪኝ ማለት ይሄ ነው። ዛሬ ቻይኖች ይህንኑ ምልክት ለመራመድ ነው የሚጠቀሙበት። አንድ ገጽ ላይ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ቻይናዊት ቀስ ብላ ስትሄድ እኔ እሮጣለሁ።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ መንታ መንገዱ ጋ አስፋልቱ ላይ በትልልቁ በነጭ «ቶማሬ» ተጽፏል፤ ቁም። በየቀኑ ነው የማልፈው። የመጀመሪያው ፊደል ያ እግር መሆኑን ዛሬ ገና አየሁት። መኪና አልነበረም፣ ግን ቆምኩ። ሁለት እግሬን እላዩ ላይ አድርጌ ፎቶ ሳነሳ፣ ከኋላዬ በብስክሌት የመጡ ሽማግሌ ደወላቸውን አቃጨሉብኝ።