ችግኝ ከመትከል በፊት ጉቶ መቁጠር

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የተቆጠረው የተተከለው ነው። ካርቦን የሚይዘው ግን የጸደቀው ብቻ ነው።

ችግኝ በብዛት የሚሞተው በመጀመሪያው በጋ ነው። ሥሩ ከስንዝር ብዙም ሳይርቅ ዝናቡ ይወጣል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የላይኛው አፈር ቶሎ ይደርቃል። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ከተተከለማ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ይህ ችግር የለበትም፤ ሥሩ ድሮ ወርዷል። የተራቆተ የሚመስል ተዳፋት ላይ ጎንበስ ብሎ ላየ ፍየል የጋጠው፣ በየዓመቱ ለማገዶ የሚጨፈጨፍ ቁጥቋጦ ሞልቷል። ያ ቁጥቋጦ ዛፍ ነው፤ ማደጊያ ጊዜ ያጣ ዛፍ።

በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በአብዛኛው ያገገመው እንዲህ ያለውን ጉቶ ተንከባክቦ በማሳደግ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ መሬቱን የያዙት 7 የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ ካርቦን ለሚይዝ ደን ገንዘብ የሚከፍለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም ዛፎቹ ከሚይዙት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በኒጀር ደግሞ ገበሬዎች በእርሻቸው ውስጥ ያሉትን ጉቶዎች እየተንከባከቡ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አልብሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በበጋው መጨረሻ፣ ከዝናቡ በፊት፣ በቦታው ስንት የሚያቆጠቁጥ ጉቶ እንዳለ ይቆጠራል፤ ምልክትም ይደረግበታል። ከአንዱ ጉቶ 20 እና 30 ቀንበጥ ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ ረጃጅሞቹንና ቀጥ ያሉትን ከ3 እስከ 5 መርጦ ሌላውን ከሥሩ መቁረጥ። የተመረጡትን ከታች ጀምሮ እስከ ቁመታቸው እኩሌታ መመልመል፤ ከዚያ ካለፈ ቅጠል ያንሰውና ይቀጭጫል፣ ነፋስም ያጎብጠዋል። ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ሲሆን መጀመሪያ ከታች በኩል በትንሹ መቁረጥ፣ ከዚያ ከላይ። አለበለዚያ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይገነጠላል፤ በቁስሉም ነቀዝና ሻጋታ ይገባል። መሣሪያው ስለታም ይሁን፤ ደነዝ ገጀራ ግንዱን ይፈልጠዋል። ከዚያ በየጥቂት ወሩ እየተመለሱ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ማንሳት ነው።

አንድ ቀንበጥ ብቻ ማስቀረት የተለመደ ስህተት ነው። ላም ከሰበረችው ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት አንድ አንዱን እየቀነሱ ለአጥርና ለማገዶ መጠቀም ይሻላል።

ሁሉም ዛፍ አያቆጠቁጥም። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ክትክታና ቁርቁራ ያቆጠቁጣሉ፤ ጥድ ግን ከተቆረጠ አለቀለት፣ እሱን መትከል ግድ ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ወራሪ ዛፍ በገባበት ቆላ ደግሞ ጉቶ መንከባከብ ጠላትን መቀለብ ይሆናል።

ካርቦኑን በግምት ማስላት አይከብድም። የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ 1 ኪሎ ካርቦን ወደ 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመነዘራል። ደርቆ 100 ኪሎ የሚመዝን ዛፍ 183 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል ማለት ነው፣ 68 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣውን ያህል። ዛፉ ማገዶ ሲሆን ያው ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ዛፉ እንዲቆም ማድረግ ናፍጣውን ለመቀነስ ምትክ አይሆንም።

ከቴክኒኩ ይልቅ ሥራውን የሚያበላሸው ልቅ ግጦሽ ነው። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲደረግ ከብቱ ምን ይበላል የሚለው አስቀድሞ ካልተመለሰ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል። ሣሩን አጭዶ ወደ ቤት መውሰድ ይፈቀድ፤ የሚታጨድበት ቀንና የየቤቱ ድርሻ በውስጠ ደንቡ ይጻፍ። የምልመላው ጭራሮም እንዲሁ፤ ማን ስንት ሸክም እንደሚወስድ ገጀራው ሳይነሳ በፊት መወሰን አለበት።