ደሞዝ ሳልለቅ ጀምሬ ንብ ማነብን መተዳደሪያዬ ያደረግኩበት መንገድ

የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ንብ ማነብን መተዳደሪያዬ ለማድረግ ሁለት ዓመት ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ያልኩት በግምት አይደለም። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ማር በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ ዋናው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ አነስተኛው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ። ስለዚህ ሁለት ዓመት ማለት አራት ቆረጣና ሁለት ክረምት ነው። በቆረጣ ሰሞን ይህን ሥራ የማይወድ ሰው የለም። ሥራውና ሰውዬው የሚተዋወቁት ሐምሌ ላይ ነው፤ አበባ በሌለበት፣ ጭቃ እየረገጡ ቀፎ ለቀፎ ዞሮ ንብ መመገብ ሲመጣ።

«የምትወደውን ሥራ ሥራ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል፤ የሚወዱት ሥራ በምን እንደሚታወቅ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኔን የጠቀመኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። ለ90 ቀን ማታ ማታ ሦስት ጥያቄ መለስኩበት፦ ዛሬ ሰዓት ሳላይ የሠራሁት ምን ነበር? ማንም ሳያዘኝ የጀመርኩትስ? ባይከፈለኝም ነገ ልጨርሰው የምፈልገው የቱ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መልስ አትመኑት። ሰው ቢሮው ሲያስመርረው ሌላው ሥራ ሁሉ ያምረዋል። ከሁለተኛው ወር ወዲያ እየተመላለሰ የሚመጣው መልስ ነው ቁም ነገሩ። በእኔ ደብተር ላይ ደጋግሞ የወጣው ደግሞ «ንብ» የሚል ቃል አልነበረም፤ አንድን ነገር ቀርቦ ማየት፣ መመዝገብና ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ማረጋገጥ የሚል ነበር። የሥራውን ጠባይ ካገኛችሁት ስሙ በኋላ ይመጣል። ንብ ማነብ ለዚህ ጠባይ ልክ ሆኖ ተገኘ እንጂ እንጨት ሥራም ሊሆን ይችል ነበር፣ የዘር ብዜትም ሊሆን ይችል ነበር።

ቀጥሎ የፈተንኩት አሰልቺውን ክፍል ነው። እያንዳንዱ ሥራ የሚታይ ፊትና የማይታይ ጀርባ አለው። የንብ ማነብ ጀርባው ፍሬም (ንቦቹ የማር እንጀራ የሚሠሩበትን የእንጨት ማዕቀፍ) በመሮ መፋቅ፣ የቆየ ሰፈፍ ማቅለጥ፣ ከቀፎ ሥር ሣር ማጨድ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ በመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ መነስነስና ዝናብ ካጠበው እንደገና መነስነስ ነው። ስለዚህ አንድ ቀፎ ሳልገዛ በፊት ሌላ አናቢ ዘንድ ለሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ብቻ ሠራሁ። ማር መቁረጥ አልጠየቅኩም። የትኛውንም ሙያ ለሚያስብ ሰው ይህን እመክራለሁ፤ ጀርባውን ለ12 ሳምንት ተሸክማችሁ ካልከበዳችሁ ፊቱ አያሳስባችሁም።

ገንዘቡን እንተወው የሚል አናቢ ካጋጠማችሁ ከእሱ ራቁ። ሥራን ለፍቅሩ መሥራት የሚቻለው የቤት ኪራይ ጥያቄ ሌሊት ካልቀሰቀሰ ነው። ወጪዬን በሁለት ዓምድ ከፈልኩ፦ የማይቀር (ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ትራንስፖርት፣ ዕድር) እና የለመድኩት። ዕድርን ከማይቀሩት ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቋረጠው እሱ ነው፣ በክፉ ቀን የሚያስፈልገውም እሱ ነው። የማይቀረውን የወር ድምር በ12 አባዛሁት፣ ያንን ያህልም ቆጠብኩ። ለምን 12? ከኅዳር ማር እስከ ግንቦት ማር ስድስት ወር ነው። የበልጉ ዝናብ ቢቀር ወይም አበባውን ቢያረግፈው የግንቦቱ ቆረጣ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጥቅምት መጨረሻ ነው። አንድ ቆረጣ ቢከሽፍ ዓመት መቆየት መቻል አለባችሁ ማለት ነው። ሙያችሁ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ የሚባዛው ግን ሁልጊዜ በሁለት ገቢዎች መካከል ያለው ረጅሙ ርቀት ነው፣ አንዱ እንደሚከሽፍ ታስቦ።

ቀፎና ዕቃውን የገዛሁት በዕቁብ ነው፤ ከዚያ ቁጠባ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ሁለቱ ገንዘቦች ከተቀላቀሉ ንቡ በኮበለለ ቁጥር አስቤዛው አብሮ ይኮበልላል።

የጀመርኩት በሦስት ቀፎ ነው፦ ሁለት ዘመናዊ (ፍሬም ያለው ሣጥን)፣ አንድ የሽግግር (ፍሬም የሌለው፣ እንጀራው ከላይ ርብራብ ላይ የሚንጠለጠልበት)። በአንድ ቀፎ የሚጀምር ሰው የሚያወዳድርበት ስለሌለው ደካማውን ከደህናው አይለይም። ሁለቱ ዘመናዊ የሆኑት ፍሬማቸው እርስ በርስ እንዲገጥም ነው። አንዱ ንግሥቱን ቢያጣ ከሌላው እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ይሰጠዋል፣ ሠራተኞቹ ከዚያ ንግሥት ያሳድጋሉ። ንግሥት ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ይበቃታል፤ ሠራተኛ 21፣ ድንጉላ (ወንዱ ንብ) 24 ቀን ይፈልጋሉ። ከወጣች በኋላ በርራ ተጠቅታ እንቁላል እስክትጥል ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ አለ። ጀማሪ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ በየሦስት ቀኑ እየከፈተ ያያል፣ ንቦቹ ይረበሻሉ፣ አዲሷ ንግሥት ትጠፋለች። ቀኑን በደብተር ጽፎ እጅን መሰብሰብ ነው።

የሽግግሩን ቀፎ የያዝኩት ለርካሽነቱና የእንጀራውን አሠራር ለመማር ነው። አናጢው የላይ ርብራቡን ስፋት 3.2 ሳንቲሜትር ማድረግ አለበት፤ ሲሰፋ ንቦቹ በመሃል ተጨማሪ እንጀራ ይሠራሉ፣ ሲጠብ ሁለቱን ያጣብቃሉ። ከዚያ አንዱን ስታነሱ ሌላው ይቀደዳል፣ እጩ ይፈሳል፣ መንጋው ይቆጣል። የሁለት ሚሊሜትር ስህተት አንድ ሙሉ ወቅት ያስከፍላል።

ቀፎ የምከፍተው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። የእኛ ንብ ቤቷን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ በጠራራ ፀሐይ ከተከፈተ ጎረቤት ሁሉ ይነደፋል። ማጨሻው ውስጥ በደንብ የደረቀ ኩበት አደርጋለሁ፤ ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ በእጅ ጀርባ ላይ ሲነፋ ማቃጠል የለበትም። መግቢያው ላይ ሦስት ጊዜ ነፍቼ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ። አንዷ ከነደፈች የተነደፈው ቦታ የበሰለ ሙዝ ሽታ ያወጣል፤ ሌሎቹን «እዚህ ጋ ነው» ብሎ የሚጠራቸው ይህ ሽታ ነው። መንደፊያውን ወዲያው አውጥቶ ቦታውን ማጠን ነው፤ በዘገየ ቁጥር የሚገባው መርዝ ይጨምራል።

ሥራውን መውደድ የመጣው ግን እዚህ ነው፣ በዝግታ። መጀመሪያ ፍሬም ሲነሳ የሚታየው የንብ ብዛት ብቻ ነው። ከብዙ ወር በኋላ ያው ፍሬም ይነበባል። ፀሐይዋን በትከሻችሁ አድርጋችሁ ጉድጓዶቹን ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩ፣ በእያንዳንዱ ግርጌ ከጤፍ የረዘመች፣ ከሩዝ ያነሰች ነጭ እንቁላል አለች። ቀጥ ብላ ከቆመች የዛሬ ናት፤ ዘመም ካለች የትናንት፤ ከተጋደመች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ንግሥቷን ሳታዩ ከሦስት ቀን ወዲህ እዚህ እንደነበረች አወቃችሁ ማለት ነው። በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት እንቁላል ተበታትኖ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ንግሥት የለችም፤ ሠራተኞቹ መጣል ጀምረዋል። ማነብና ማንበብ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ እኔ ሁለተኛውን እስክችል ድረስ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ ማለት አልችልም ነበር። ስለዚህ አንድን ሥራ ገና ሳትችሉት «ፍላጎቴ አይደለም» ብላችሁ አትተዉት። የማይነበብ ነገር ይሰለቻል፤ ችሎታው ሲመጣ ስሜቱ ይከተላል።

ዓላማውን ያገኘሁት ከአጥር ውጪ ነው። ንቧ የምትቀስመው ከጎረቤት ማሳ ነው፤ ኑጉና ባቄላው በእሷ ይጠቀማል። በሌላ በኩል ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው 2፣4-ዲ የተባለው ፀረ አረም ለንቧ ምግብ የሆነውን መጭና ሌላ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ያጠፋል፤ የሚረጨው ፀረ ተባይ ከሆነ ደግሞ ራሷን ይገድላታል። ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር የተስማማነው ቀላል ነው፦ ርጭቱ ንብ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ይሁን፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይነገረኝ። በዚያ ሌሊት መግቢያውን በወንፊት ሽቦ እዘጋለሁ፣ ቀፎውን ጥላ ውስጥ አደርጋለሁ፣ ከአንድ ቀን በላይም ዘግቼ አላቆይም። ይህ ስምምነት ምንም ብር አያስገባም። ግን ሥራዬ ለማን እንደሚጠቅም የማውቀው በእሱ ነው።

ገንዘብና ዓላማ ፊት ለፊት የሚገናኙት ቆረጣ ላይ ነው። በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ በዓመት በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል፤ ባህላዊው ከ5 እስከ 8። ለመጨመር ሦስት አቋራጮች አሉ፣ ሦስቱም ይፈትናሉ። አንደኛው ሳይበስል መቁረጥ ነው። ከፍሬሙ ሁለት ሦስተኛው በሰም ካልታሸገ ውኃው ከ20 በመቶ ሊያልፍ፣ ማሩም በጀሪካኑ ውስጥ ሊብላላ ይችላል። ፍሬሙን አግድም ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ጠብ ካለ ይቆይ። ሁለተኛው ከእጭ ክፍሉ ጭምር መቁረጥ ነው፤ ይህ የክረምት ስንቃቸውን መውሰድ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ባዶ ቀፎ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ስኳር መቀላቀል ነው። እሱን የሠራ ሰው ቢሮ መመለሱ ይሻለዋል።

ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ገዢም «ስኳር አለው» ይላል። መርጋት የማር ጠባይ ነው። ማስረዳት ከሚያደክም አንዱን ማር በሁለት ብልቃጥ፣ የረጋውንና የቀለጠውን፣ ጎን ለጎን አሳያለሁ። ማቅለጥ ካስፈለገ ብልቃጡን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል፤ እሳት ላይ የተጣደ ማር መዓዛውን ያጣል።

በሁለተኛው ዓመት ስምንት ቀፎ አደረስኩ። ከዚያ በላይ ያልሄድኩት አበባው ስለማይበቃ ነው፤ ግራዋው፣ ብሳናውና ባሕር ዛፉ ስንት መንጋ እንደሚችል ሳይታወቅ ቀፎ መደርደር ንቦቹን ማስራብ ነው። ሙሉ ጊዜዬን ከሰጠሁ በኋላ ያልጠበቅኩት ነገር መሸጡ ከማነቡ የበለጠ ሰዓት መውሰዱ ነው። የሚወዱት ሥራ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ይደርቃል። ለዚህ ሁለት ነገር አደረግኩ፦ አንድ ቀፎ ለሽያጭ አይውልም፣ አዲስ ነገር የምሞክረው በእሱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። የድሮ ሙያ አይጣልም፤ የክረምቱን ስኳር የሚገዛው እሱ ነው።

ክረምቱ ላይ ስኳርና ውኃ እኩል ለእኩል በጥብጬ፣ ለፕሮቲኑ በሶ ወይም ሽሮ ለብቻው በሰፌድ አቀርባለሁ። የማር ክፍል ሲጫን መመገብ ይቆማል፤ አለዚያ የምትቆርጡት ስኳር ነው።

መልቀቂያ ደብዳቤውን ያስገባሁት ከኅዳር ቆረጣ በኋላ ነው። በመስከረም የምትጀምሩ ግን ባዶውን ቀፎ በነሐሴ መጨረሻ አዘጋጁት። ውስጡን በጭስ አጥናችሁ ሰም ቀቡት፣ ጠጅ ሳር አሹበት፣ ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ዛፍ ላይ አስቀምጡት። መጭና አደይ አበባ ሲፈካ መንጋ ይወጣል። ከገባ በኋላ አትክፈቱት፤ በመግቢያው ላይ በእግሯ ቢጫ ጽጌ ብናኝ ጭና የምትገባ ሠራተኛ እስክትታይ ጠብቁ።