ልጃችን ከተወለደ በኋላ ስሙን እንዴት እንደቀየርን

ልጃችን እንደተወለደ ስሙ ምትኩ ተባለ። ያወጡለት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ታናሽ ወንድሙን ያጣው እኔ ወራቴ ገፍቶ ሳለ ነው። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነበር። አማቴ ልጁን ታቅፈው "የልጄ ምትክ ነው፤ ምትኩ በሉልኝ" ሲሉ ማን እምቢ ይላል? እኔም ባለቤቴም በሙሉ ልባችን እሺ አልን። በዚያ ሰዓት ለእሳቸው ከዚህ የሚበልጥ ነገር መስጠት የምንችል አልመሰለኝም። ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው።

ሐሳቤ መለወጥ የጀመረው በአራስ ጥየቃው ወቅት ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ የሚገባ ሰው ሁሉ ወዲያው "ስሙን ማን አላችሁት?" ይላል። "ምትኩ" ስል ቤቱ ጭጭ ይላል። አንዷ ከንፈሯን ትመጣለች። ሌላዋ ወደ አማቴ ዞር ብላ "አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ክሶዎታል" ትላለች። እሳቸው እንባቸው ይመጣል። ገንፎ እየተበላ፣ እልል እየተባለ የነበረው አራስ ቤት ለቅሶ ቤት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ሐዘኑ አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲደጋገም ግን ከበደኝ። ልጄን ሊያይ የመጣ ሰው ስለ አጎቱ አውርቶ፣ ለአጎቱ አልቅሶ ይሄዳል። ልጁን "እናቱን ይመስላል" ወይም "አባቱን ይመስላል" የሚል ሰው እንኳ ጠፋ። ሁሉም የሚፈልግበት የአጎቱን መልክ ነበር።

እኛ አገር ስም ብዙ ጊዜ የወላጅን ኑሮ ነው የሚናገረው። ልጅ ወይም ወንድም ሞቶበት የወለደ ሰው ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካ፣ ምትኬ ይላል። ልማዱን እወደዋለሁ። ሰው ሐዘኑን ለመወጣት ካገኛቸው ጥሩ መንገዶች አንዱ ይመስለኛል። ጉዳዩን ለባለቤቴ ሳነሳለትም የተከራከረኝ በዚሁ ነው። "ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስም እንዲሁ ካሳ። ምን ጎደለባቸው?" አለኝ። ልክ ነው፣ ምንም አልጎደለባቸውም። እኔም ስሙ ልጁን ያሳንሰዋል ብዬ አልፈራሁም። ካሳ የሚባል ጎረቤት ቢኖረኝ የማን ካሳ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ስሙ ብቻ ነው። የእኛ ልጅ ግን ሳሎን ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ እያየ ነው የሚያድገው። በተጠራ ቁጥር ማንን እንዲተካ እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ሰነፍ ተማሪ ቢሆን "አጎትህ ጎበዝ ነበር" መባሉ አይቀርም። ጎበዝ ቢሆንም ጉብዝናው የአጎቱ ይባላል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጄ ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም። ሐዘናችን ሦስት ትውልድ ድረስ በመዝገብ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ዝም አለ። ክርክሩም ያን ቀን በዚያው ቆመ።

አራስ ሆኖ ሐሳብ መለዋወጥ ያለ ነው። እንቅልፍ የለም፣ ሆድ ይብሳል፣ ትንሹ ነገር ሁሉ ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ሐሳቤን እስካጣራ ድረስ ከቤታችን ውጪ ለማንም አልተነፈስኩም። ብቻዬን ስሆን ልጁን ምን ብዬ እንደምጠራው ማስተዋል ጀመርኩ። ሰው ፊት ምትኩ እላለሁ። ሌሊት ሳጠባው ግን ማሙሽ ነው የምለው፣ ወይም የኔ ጌታ። ባለቤቴንም ታዘብኩት። አንድም ቀን በስሙ ሲጠራው አልሰማሁም። "አባቴ" ነው የሚለው። ስጠይቀው "ስሙን ስጠራ ወንድሜ ይመጣብኛል" አለኝ። ያኔ ነገሩ የአራስ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በስሙ ላይ የምትጠራጠር እናት ካለች፣ የምመክራት ይህንኑ ነው። ዝርዝር መጻፍ፣ ሰው መጠየቅ ይቆይ። መጀመሪያ እቤት ውስጥ ስሙ ይጠራ እንደሆነ ትስማ።

ከዚያ ቀኖቹን አሰላን። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፣ ሴት በ80። ከ40ው ጥቂት ቀን ቆይቶ "የ45 ቀን" የምንለው ክትባት አለ። የልደት ምዝገባ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚደረገው። ወረዳ ገና አልሄድንም ነበር። ከወለድኩበት ቦታ የተሰጠን የልደት ማሳወቂያ ነበረን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ግን አልወጣም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አንድ ዘመዳችን ስሙን ያስቀየረው ካደገ በኋላ ነው። በፍርድ ቤት አቤቱታ፣ በምስክር፣ ከዚያም የትምህርት ማስረጃውን፣ የባንክ ደብተሩንና መታወቂያውን አንድ በአንድ በማስተካከል ስንት ጊዜ እንደተንከራተተ አይቻለሁ። ከምዝገባው በፊት ግን ስም መቀየር በቤተሰብ መካከል የሚያልቅ ነገር ነው።

በቤተሰብ መካከል የሚያልቅ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ለአማቴ ማን ይንገራቸው የሚለው ነበር። እኔ ከተናገርኩ "ምራትየዋ አስቀየረች" ይባላል፣ እሳቸውም ቅያሜያቸውን ዕድሜ ልክ ይይዙታል። ባለቤቴ ብቻውን ሄደ። "እማዬ፣ ወንድሜን የሚተካው የለም። ልጄም እሱን መተካት አይችልም" አላቸው። አልመለሱለትም። ከዚያ በኋላም እኛ ቤት ብቅ ሳይሉ ቀናት አለፉ። እነዚያ ቀናት ከምጡ ይልቅ ከብደውኛል። ደውዬ ልተወው ነው ብዬ ስልኩን ያነሳሁባቸው ጊዜያት ነበሩ። ባለቤቴ ነው "ታገሺ፣ ያስቡበት" ያለኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ። ልጁን ተቀብለው ታቀፉት። እኔ ተግሣጽ ስጠብቅ፣ "እኔስ ስጠራው አንዳንዴ ያኛው 'አቤት' የሚለኝ ይመስለኛል፤ ቀና ስል የለም" አሉ። እኛ ያላወቅነው፣ ስሙ ከማንም በላይ የሚያቆስለው እሳቸውን ነበር። ያልተናገሩት እነሱ ሰጥተውኝ እንዴት እመልሳለሁ ብለው ነው። እሳቸውም ለእኛ እያሰቡ፣ እኛም ለእሳቸው እያሰብን፣ ሁላችንም ተጨንቀናል።

አንድ ነገር ግን ለመኑን። የክርስትና ስሙ የልጃቸው የክርስትና ስም እንዲሆን። ለሞተው ልጃቸው በፍትሐቱም በተዝካሩም የተጠራው ያ ስም ነው። ቄሱም ፈቀዱ። እኔ በዚህ አልተጨነቅኩም። የክርስትና ስም ሲቆረብ፣ ሲጸለይ የሚጠራ ነው፤ የብዙ ሰውም ስም ነው። ልጁ ላይ ምንም አይጭንበትም። አማቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያን ስም ለሕያው ልጅ ሲጠራ ሰሙት። የክርስትናው ዕለት ያለቀሱት ለቅሶ ከበፊቱ የተለየ ነበር።

የዓለም ስሙን ያወጣው ባለቤቴ ነው፦ ያሬድ። አጭር ነው፣ ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ሲጠራም ጥሩ ይሄዳል፣ በቤተሰባችንም ውስጥ ማንንም አያስታውስም። ከሁሉም በላይ ይህን የመጨረሻውን ፈልጌው ነበር።

የወረቀቱ ጉዳይ ፈጣን ነበር። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የክትባት ካርዱ ላይ ምትኩ ተብሎ ተጽፎ ስለነበር ነርሷ አዲስ ካርድ ጻፈችልን። ወረዳ ደግሞ ሁለታችንም መታወቂያችንንና የልደት ማሳወቂያውን ይዘን ሄድን። ምስክር ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም። እንደ ሔኖክ ወይም ኃይሉ ያለ ስም ከሆነ በየትኛው "ሀ" እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ተስማሙና በሁሉም ወረቀት ላይ በዚያው አስጽፉ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ ነገ ፓስፖርት ላይ የሚሄደው ነው።

ለዘመድ አዝማድ በስልክ ስንነግር ምክንያቱን በረጅሙ አላብራራንም። "ስሙ ያሬድ ተብሏል" ብቻ ነው ያልነው። ቅር ያላቸው አልጠፉም። አንዲት የባለቤቴ አክስት "የሟች ስም ተነሣ" ብለው አኮረፉ። የመለሱላቸው አማቴ ናቸው፤ "ልጄን እኔ አልረሳሁትም፣ አንቺ ለምን ታለቅሺለታለሽ?" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሳ የለም። አንዳንድ ዘመዶች አሁንም ምትኩ እያሉ ይጠሩታል። አላርማቸውም። ልጁ ሲያድግና ሲጠይቅ፣ ስለ መጀመሪያው ስሙም ስለ አጎቱም ባለቤቴ ሁሉንም እንዲነግረው ተስማምተናል።