ፕሮሰሰሬን ላፈጥን ገብቼ ሙቀት ስለካ ከረምኩ

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አድርጌ ነው የምበላው። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የለም። ሙሽሮቹ ቪዲዮው ቶሎ እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምትንፏቀቀውን የሬንደር (ኤዲቱን ወደ መጨረሻ ፋይል የመቀየር ሥራ) መስመር እያየሁ ቡና እደጋግማለሁ።

ኮምፒውተሬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው አንጎሉ፣ ኢንቴል ኮር አይ5 2500ኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የወጣ፣ አራት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) ያለው ሽማግሌ። ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ በአንድ ቁጥር ሲባዛ ነው። ቁጥሩ 33 ከሆነ 3.3 ጊጋኸርዝ ይሆናል። «ኬ» ያለው ላይ ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ። የእኔ ማዘርቦርድ ዜድ77 ስለሆነ ይፈቅዳል። ይህን የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። «ላንድክሩዘር ይዘህ በሁለተኛ ማርሽ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለኝ።

በዚያው ማታ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚገኘው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገባሁ። ቁጥሩን 45 አደረግኩት። ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ ተውኩት። ዊንዶውስ ሲከፈት በደስታ አጨበጨብኩ። ከዚያ አንድ የሰርግ ፋይል ሬንደር ላይ ጣልኩ። ድሮ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። አፍጥኜው ዘገመ!

ኮር ቴምፕ የሚባለውን፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ያወረድኩት ያኔ ነው። አራቱም ኮሮች 98 ዲግሪ ይላሉ። 98 ለዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማዘርቦርዱ ደግሞ «አውቶ» ስላልኩት እጁን ፈትቶ ከ1.4 ቮልት በላይ ይለቅበታል። አውቶ ማለት ለፕሮሰሰሩ ማዘን ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ እንዳይቆም ብሎ አብዝቶ መስጠት እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩና እንደገና ለካሁ። ያው 98! ለካ ችግሩ ከእኔ በፊትም ነበር።

ኬዙን ከፈትኩት። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው የኢንቴል ፋን ማዘርቦርዱን የሚይዘው በአራት የፕላስቲክ ፒኖች ነው። አንዷ አልገባችም። ሂትሲንኩ (ከፋኑ ሥር ያለው ሙቀት የሚስብ ብረት) በአንድ ጎኑ ትንሽ ተነስቷል። ሥሩ ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግር ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ሻጩ «ሰርቪስ ተደርጓል» ብሎኝ ነበር፤ ምኑን ሰርቪስ እንዳደረገው እሱ ይወቅ። ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ጠረግኩት። የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ጠብ አድርጌ፣ አራቱም ፒኖች ቀጭ እስኪሉ ተጫንኳቸው። ሙቀቱ 76 ሆነ። ያው ፋይል በ48 ደቂቃ አለቀ። ምንም ኦቨርክሎክ (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስኬድ) የለም እኮ። አንዲት ፒን ነበረች።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከልቤ የያዝኩት። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ትልቅ ሂትሲንክ አመጣልኝ። አራት የመዳብ ቱቦና 120 ሚሊሜትር ፋን አለው። ሙቀቱ ወደ 60 ወረደ። ዩቲዩብ ላይ ተመሳሳይ ሂትሲንክ ያላቸው ሰዎች ከእኔ የተሻለ ቁጥር ሲያሳዩ ግን ገረመኝ። አዲስ አበባ ብርድ አይደል እንዴ? ክፍሌ 21 ዲግሪ ነው። ነገሩ ከፍታው ነው። ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ የሚገፋው አየር ግን ያንሳል። ስለዚህ የባህር ዳርቻ ከተማ ሰው የለካውን ቁጥር ለራሴ አልመኝም። የድሬዳዋ ሰው አየሩ ከእኛ ወፈር ይልለታል፣ ግን ክፍሉ ራሱ ይሞቃል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ጋር ሳወዳድር የክፍሉን ሙቀት ቀንሼ ልዩነቱን ብቻ ነው የማየው።

አለካኬን ልንገራችሁ። ፕራይም95 የሚባለው ፕሮግራም የተሠራው ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው፤ ስሌቱ ፕሮሰሰሩን ስለሚያስጨንቀው ግን ሰው ለፈተና ይጠቀምበታል። «ስሞል ኤፍኤፍቲ» የሚለውን መርጬ 30 ደቂቃ አስሮጠዋለሁ። የኬዙ ጎን ተዘግቶ መሆን አለበት። መጀመሪያ ጎኑን ከፍቼ ለክቼ ተደስቼ ነበር። ስዘጋው 5 ዲግሪ ጨመረ። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ለሚታየው ቁጥር ደግሞ ብዙ አልጨነቅም። ሴንሰሩ የሚለካው ከጣሪያው ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ልኩን ይስታል።

በቁጥሩ አንድ አንድ እየጨመርኩ፣ ቮልቴጁን በእጄ እየሞላሁ ወጣሁ። 4.2 ጊጋኸርዝ በ1.25 ቮልት፦ 66 ዲግሪ። 4.5 በ1.36 ቮልት፦ 82። 4.6 ላይ ዊንዶውስ ወድቆ ሰማያዊ ስክሪን። 4.7 ላይ ጭራሽ አልነሳም አለ። ያኔ ላቤ መጣ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ነቅዬ፣ ትንሽ ጠብቄ መለስኳት፤ ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ተነሳ። አንድ ቀን ደግሞ ፈተናው 28ኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እሱን ባዮስ አያስተካክለውም።

4.5 ላይ ቆየሁ፣ ፈተናውን አልፏል ብዬ። በአራተኛው ቀን አንድ ፋይል ወጥቶ ሳየው ኬኩ ሲቆረስ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሳጥኖች ይዘላሉ። ኮምፒውተሩ አልቆመም፣ ስህተትም አላሳየም፤ ዝም ብሎ ተሳስቷል። የሙሽራዋ እናት ሳያዩት ስላየሁት ፈጣሪን አመሰገንኩ። የ30 ደቂቃ ፈተና ሙቀትን ለማየት ይበቃል፣ ኮምፒውተሩን ለማመን ግን ሌሊቱን ሙሉ ማስሮጥ ይሻላል።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ሙቀት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ይገባበታል። ሳይነካ አራቱም ኮሮች አብረው ሲሠሩ 3.4 ጊጋኸርዝ ናቸው፣ ቮልቴጁም 1.20 ገደማ። 4.2 ላይ ፍጥነቱ 24 በመቶ ሲጨምር ሙቀት የሚሆነው ኃይል በግምት 34 በመቶ ይጨምራል። 4.5 ላይ ፍጥነቱ 32 በመቶ፣ ኃይሉ ግን 70 በመቶ! በደቂቃ ስመነዝረው ያ 48 ደቂቃ የነበረው ፋይል በ4.2 በ39፣ በ4.5 በ36 ያልቃል። ለሦስት ደቂቃ ብዬ ይህን ሁሉ ሙቀት? ተውኩት። 4.2 ላይ አሰርኩት። የአክስቴ ልጅ እስካሁን «ፈሪ» ይለኛል።

እንግዲህ በወር አንድ ቀን ያንኑ ፈተና አስሮጥና ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው 73 አሳየኝ። ቮልቴጁን ፈተሽኩ፣ ያው ነው። ፔስቱን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ፋኑን ነቅዬ ስገለብጠው የሂትሲንኩ ክንፎች መሃል አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ሰፈራችን የኮብልስቶን ሥራ ተጀምሯል። በጥርስ ብሩሽ ጠርጌው 66 ተመለሰ።