ቀን ነው ቀናት?

ጥፋቱ የኔ ነበር። መጀመሪያ ያወቅኩትም እኔው ነኝ፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌን ዘግቼ ከረምኩ።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ አንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ነው። ትኬት እቆርጣለሁ፤ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችንም ጸሐፊ ነኝ። የኅብረት ስምምነቱን ስንደራደር ቃለ ጉባኤ የያዝኩትም፣ ኋላ የተየብኩትም እኔ ነበርኩ። ለደመወዝ እርከኑና ለሕክምናው አንቀጽ ወራት ተጨቃጨቅን። የበዓል ክፍያው ግን ዓርብ ማታ፣ ሁሉም ቦርሳውን አንስቶ ቆሞ ሳለ፣ በዐሥር ደቂቃ አለቀ። በእጄ የጻፍኩት «የጥምቀት በዓል ቀናት» ይላል። ስተይበው «የጥምቀት በዓል ቀን» ሆነ። ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ተመዘገበ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ላያየው ይችላል። ጎንደር ላይ ግን ጥምቀት አንድ ቀን ሆኖ አያውቅም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ አውቶቡሶቻችን በዙሪያ ይዞራሉ። 11 ዋናው ነው። 12 ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት፤ ከአዘዞ የሚጫነው ሰው ከ11ዱ ብዙም አያንስም። ሾፌር ሦስቱንም ቀን መሪ ላይ ነው።

የጥር ደመወዝ እንደተከፈለ አንድ አንጋፋ ሾፌር የክፍያ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ የሚካኤልን ቀን የት አደረጉብኝ?» አሉ። የ11ዱ ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቷል፤ የ12ቱ ግን እንደማንኛውም የሥራ ቀን በ1.5።

የድርጅቱ ሕግ ክፍል መልስ አጭር ነበር፦ የሕዝብ በዓሉ ጥር 11 ብቻ ነው፣ ስምምነቱም «ቀን» ነው የሚለው። ስለ በዓሉ ልክ ነበሩ። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የኅብረት ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ ጥቅም ከሰጠ ተፈጻሚ የሚሆነው ስምምነቱ ነው። ስለዚህ ጠቡ ሁሉ እኔ በበላኋት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋራዥ ውስጥ «ለፋሲካ ስምሪት አንወጣም» የሚል ወሬ ሲነሳ ነው ጨንቆኝ ለሊቀመንበራችን የነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝና «ቃለ ጉባኤው ላይ የነሱ ፊርማ አለበት?» አለኝ። የለበትም። የኔ ብቻ ነው ያለው።

ጉዳዩ አስማሚ ዘንድ ደረሰ። አስማሚዋ በጣም ወጣት ነበረች፤ እውነቱን ልናገርና ስናያት ተስፋ ቆርጠን ነበር። ያልተፈረመውን ቃለ ጉባኤዬን አገላብጣ ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ «ሰዎቹን በየትኛው ወረቀት ነው ያሠማራችኋቸው?» ብላ ጠየቀች። ወረቀቱ ከስምሪት ክፍል መጣ። ራስጌው ላይ፣ ከነማኅተሙ፣ «የጥምቀት በዓል ልዩ ስምሪት፣ ከጥር 10 እስከ 12» ይላል። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሙሉውን አላገኘንም። 12 እንደ በዓል እንዲከፈል፣ ከተራ በተለመደው ትርፍ ሰዓት እንዲቀር ተስማማን። የከተራው እስካሁን ያናድደኛል፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ዙር መጨረስ ራሱ በዓል ማክበር ነው።

አሁን እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ወገን ሳይፈርም ከስብሰባ አልነሳም። አዲሱን ድርድርም ስምምነቱ ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው ጀመርን። ጊዜው ካለፈ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካልተቋጨ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ መሥራታቸው ይቀራል፤ መጓተቱ የሚጎዳው እኛን ነው።

ለአንጋፋው ሾፌር ጥፋቴን የነገርኳቸው ልዩነቱ ከተከፈላቸው በኋላ ነው። መሪያቸውን እንደያዙ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ሰላምታቸው ይኸው ሆኗል፦ «ጸሐፊው፣ ዛሬ ቀን ነው ቀናት?»