ከላይ የምታፈስ ጀልባ

ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች ፎቶ ሲያነሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ፍራፍሬ ያስቀምጣሉ። ወይን፣ ብርቱካን፣ መሀል ላይ አናናስ። ከጎኑ ሁለት ብርጭቆ። በመስኮቱ በኩል ዳክዬ ይታያል። ባለቤቴ ፎቶውን አየችና «እዚህ ተቀምጬ ስልኬ ባይጠራ» አለች። አለቀ፤ ከፈልን። ምን ያህል እንደከፈልን አልናገርም፤ እናቴ ታነባለች።

ቦታው ኖርፎክ ነው፤ ከለንደን በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ። ብሮድስ ይሉታል። ወንዙና ሐይቁ ተያይዞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በጀልባ ይኬድበታል። ከፋሲካ እስከ ጥቅምት እንግሊዝ ሁሉ ጀልባ ተከራይቶ እዚያው እየበላ፣ እዚያው እየተኛ ይንሸራሸርበታል። ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠይቁህም። መጀመሪያ ይሄ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ጀልባዋንም ምንም የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና የባለቤቴ አጎት ነን። ጋሼ የባሕር ዳር ልጅ ናቸው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ስላደጉ በቤታችን የጀልባ ነገር የመጨረሻው ፍርድ የእሳቸው ነው። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ዶሮ ወጥ ሠርታ አሽጋ ይዛለች። ይህን ዶሮ ወጥ ልብ በሉልኝ።

ጀልባዋን ያስረከበን ወጣት ፈገግታው ጥሩ ነው። ጀልባዋም ከውጭ ስትታይ ታምራለች፤ ነጭ ቀለሟ ያንጸባርቃል፣ ትራሶቹ አዲስ ናቸው። ውስጧን ለቄስ። መጋረጃውን ሳብ ሳደርገው ከነዘንጉ እጄ ላይ ቀረ። ወጣቱ ተቀበለኝና ምንም ሳይደነግጥ መልሶ ሰካው። «እሱ ሁሌም እንደዚህ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልነገረንም ማለት ይቻላል። የሻወሩ በር አይገጥምም። እሱ ሁሌም እንደዚህ ነው። ከምድጃው አንዱ አይበራም። እሱም ሁሌም እንደዚህ ነው። የፍራፍሬዋን ሳህን ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘኋት። እሷም ተሰንጥቃለች።

ለመንዳቱ እንኳ አልወቅሳትም። ጀልባ ሲባል ፍሬን የለውም፤ ለማቆም ሞተሩን ወደ ኋላ ማስገባት ነው። መሪውን ስታዞረው ዝም ትላለች። ተስፋ ቆርጠህ ስትተወው ያኔ ትዞራለች። የሁሉም ጀልባ ጠባይ ነው። ድምፅዋ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። የፍጥነት ገደቡ እንደየቦታው በሰዓት ከ3 እስከ 6 ማይል ነው። አንዲት ባልቴት ውሻቸውን ይዘው በወንዙ ዳር በእግራቸው ቀደሙን። ዞር ብለውም ሰላም አሉን።

ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እዚያ ያሉት ሐይቆች ተፈጥሮ የሠራቸው እንዳልሆኑ ነገርኳቸው። በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ለማገዶ የሚሆን አፈር ሲቆፍሩ ኖረው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ውሃው ከፍ ሲል ጉድጓዱ ሁሉ ተሞላ። ሰው የቆፈረው መሆኑን ጆይስ ላምበርት የተባለች የዕፅዋት ተመራማሪ ያረጋገጠችው በ1950ዎቹ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የፈጣሪ ሥራ ይመስላቸው ነበር።

«ታዲያ ጥልቀቱ ብዙ አይደለማ» አሉ ጋሼ።

«ብዙም አይደለም።»

«ጥሩ። ብንሰምጥም ቆመን ነው።»

ማታ ሴንት ቤኔት የሚባል የፈረሰ ገዳም አጠገብ ቆምን። መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ሜዳና ላም ብቻ። ከገዳሙ ጎልቶ የቀረው የመግቢያው በር ነው። በሩ ውስጥ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነፋስ ወፍጮ ሠርተውበታል። ጋሼ ይሄን ሲያዩ አዘኑ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሁሉ ሲዘጋ ይህኛው በይፋ እንዳልተዘጋ፣ የኖርዊች ጳጳስም እስከዛሬ የዚህ ገዳም አበምኔት እንደሆኑና በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በጀልባ መጥተው እንደሚጸልዩ ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። ወርደው ድንጋዩን ተሳለሙ። ከዚያ «በምን ዓይነት ጀልባ ነው የሚመጡት?» ብለው ጠየቁኝ። በድሮ ዓይነት የሸራ ጀልባ ነው አልኳቸው። «ብልህ ሰው ናቸው» አሉ።

ባለቤቴ ቡና ልትቆላ ተነሣች። ከሰል ጀልባ ውስጥ እንደሚገድል ስለምናውቅ በጋዙ ምድጃ ነው። ቡናው ገና ቀላ ሲል የጭስ አላርሙ ጮኸ። አጯጯኹ ወንዙን አልፎ ማዶ ያሉትን ላሞች አስነሣ። ልጄ በሰፌድ ያራግባል፣ እኔ አላርሙን በማንኪያ እወጋለሁ፣ ከጎናችን የቆሙት ባልና ሚስት ፒጃማቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ጋሼ ግን ደስ ብሏቸዋል።

«በመጨረሻ የሚሠራ ነገር ተገኘ!»

ደስታው አልቆየም። መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ሁሉም ነገር በባትሪ ነው። መብራቱ ብቻ አይደለም፤ ፍሪጁ፣ የሽንት ቤቱ መልቀቂያ፣ ውሃውን ከታንከር ወደ ቧንቧ የሚገፋው ፓምፕ ሁሉ። ባትሪው ቀን ሞተር ሲሠራ ይሞላል፣ ማታ እሱን ትበላለህ። የኛ ባትሪ ግን ቀኑን ሙሉ ሲበላ ውሎ ምንም አልያዘም። ሞተሩን የሚያስነሣው ባትሪ ሌላ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ለአከራዮቹ ደወልኩላቸው። «ሞተሩን አስነሣና ሁለት ሦስት ሰዓት ይሥራ» አለኝ ሰውዬው። ግድግዳው ላይ የለጠፉት ወረቀት ደግሞ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቆሞ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው ይላል። ይሄን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እሱ ሁሌም እንደዚህ ነው» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጠዋት መካኒክ ይመጣል አለኝ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የጀልባዋ ሽንት ቤትም ከወደ ኋላ ነው። ውሃ የለም፣ መልቀቂያው አይሠራም። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ይሄን ጋሼም ያነባሉ።

ሌሊቱን ዝናብ መጣ። ጣሪያዋ ፀሐይ ሲሆን ወደ ኋላ የሚንሸራተት ዓይነት ነው፤ ፎቶው ላይ የከፈቱት እሱን ነው። ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃው መጀመሪያ የመጣው ጋሼ ግንባር ላይ ነው። ድስት፣ መጥበሻ፣ የቡና ረከቦት፣ የተሰነጠቀችው ሳህን ሳትቀር ያለንን ዕቃ ሁሉ ደረደርን። በስልክ መብራት አንዱን ስንደፋ ሌላው ይሞላል። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጨለማው ውስጥ ተናገሩ።

«ታንኳ ከታች ሲያፈስ አውቃለሁ። ከላይ የሚያፈስ ጀልባ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከጎናችን ያለው ጀልባ ዕድሜው ከኛው የሚበልጥ ይመስላል። እንጨቱ ያረጀ፣ ትራሱ የነተበ። ሌሊቱን ሙሉ በመስኮቱ መብራትና ሙቀት ይታየናል። ሰዎቹ ጠዋት በቴርሞስ ሻይ አመጡልን። ከሌላ ቦታ ነው የተከራዩት። በየዓመቱ ይቺኑ ጀልባ ስጡን ይላሉ አሉ። ባለቤቴ ሻይዋን እየጠጣች አየችኝ። ምንም አላለችም።

ፍሪጁ ሌሊቱን ጠፍቶ ስላደረ ዶሮ ወጡ ወይ አሁን ይበላል ወይ ይጣላል። ዶሮ ወጥ የሚጥል እጅ ደግሞ ከመካከላችን የለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንጀራ ዘርግተን ተቀመጥን። መካኒኩ የደረሰው ይሄኔ ነው፤ ሸምገል ያለ፣ እጁ ግሪስ የጠጣ ሰው። ጋሼ ቆሞ እንዲሠራ አልፈቀዱለትም። በአማርኛ «ቅመስ» አሉት፣ እጁን አስታጠቡትና ከነእንቁላሉ አጎረሱት። ላቡ ፈሰሰ። ድገሙኝ አለ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ምስጢሩን ማውጣት ጀመረ።

ትራሱንና ቀለሙን ክረምት ክረምት ያድሱታል አለን። ባትሪ ይቀየር፣ የጣሪያ ጎማ ይቀየር ብሎ በየዓመቱ ጽፎ ይሰጣል። «ባትሪ ግን ፎቶ ላይ አይታይም» አለና እንቁላሉን ለሁለት ከፈለው።

አዲስ ባትሪ ከመኪናው አምጥቶ ገጠመልን። ጎማውን በፕላስተር አሸገው። ፍሪጁ አጓራና በደንብ ማቀዝቀዝ ጀመረ። ውስጡ ያለው ግን አንድ ሎሚ ብቻ ነው።

ጀልባዋን ስንመልስ ያው ወጣት ዝርዝር ይዞ ገባ። ስለ ጣሪያው ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ባትሪው ነገርኩት፤ ነቀነቀ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ሹካና ማንኪያ መቁጠር ጀመረ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጎድሏል፤ ከመያዣው ላይ ይቀነሳል አለ። አላርሙን ስወጋበት እጀታው የተሰበረው መሆን አለበት።

ጋሼ ምን እንዳለ ጠየቁ። ልጄ ተረጎመላቸው።

«እንግዲያውስ ንገረው» አሉት፣ «ስንረከባት ደረቅ ነበረች፤ አሁን ይሄን ሁሉ ውሃ ጨምረን ነው የምንመልስለት። ይሄንንም ያስብልን።»

ልጄ አንድም ቃል ሳያስቀር በእንግሊዝኛ ነገረው። ወጣቱ እስኪያስለው ሳቀ። ማንኪያዋን ግን አስከፈለን።