ቱርቦው ነው!

ጎጃም መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ለቆመ ሰው መካኒክ አይጠፋም። ሁሉም ሰው መካኒክ ነው። ሻይ የምታፈላዋ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ አህያውን እየነዳ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ፣ ሁሉም ቆም ይልና ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ "ቱርቦው ነው" ይላል። ቱርቦ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። ብቻ ቱርቦው ነው።

እኔ የሚስቴን ወንድም የጭነት መኪና ይዤ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ በቆሎ አመላልሳለሁ። ባለ አራት ፒስቶን፣ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ናት። በእኛ መስመር ቱርቦ ስሙ የገነነው በአባይ በረሃ ምክንያት ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርደህ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቅሃል። ጭነት ይዘህ እዚያ ዳገት ላይ ቱርቦው በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ካልጠቀጠቀለት ሞተሩ ያቃስታል። እና ሰዉ ሁሉ ቱርቦን በስም ያውቀዋል። በስም የታወቀ ደግሞ ሳያጠፋም ይከሰሳል።

የእኔዋ ችግር ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ነበር። ስትሄድ ያን ያህል አይታይባትም። ስትቆም ጉድ ትሆናለች። ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ይደርስና ደግሞ ተንዘርዝሮ ይነሳል። መስታወቱ ላይ የሰቀልኳት የጊዮርጊስ ሥዕል ፈረሱ የምሩን ይጋልባል። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሳይ አንዱ አህያ ሦስት ሆኖ ይመጣል። ረዳቴ "ተሳፋሪ አለ" ሲል "ተ-ሳ-ሳ-ሳ-ፋሪ" ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ካጠፋኋት አለመነሳቷ ነው። ቁልፉን ብታሽከረክር፣ ብትለማመጥ፣ ብትሳደብ ወይ ፍንክች! ስለዚህ አላጠፋትም። ምሳ ስበላም ትሠራለች። ቡና ስጠጣም ትሠራለች። ናፍጣ በዚህ ዋጋ!

መንገድ ላይ ያለ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ጎረምሳው መካኒክ ኮፈኑን አስከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎት ላይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ "ቱርቦው ነው" አለ። አውጥተን አዲስ እንግዛ ሲል የነገረኝ ዋጋ ሁለት የእርሻ በሬ ከነቀንበሩ ይገዛል። ብር ስለሌለኝ ተረፍኩ። ድህነት አልፎ አልፎ ይጠቅማል።

አማቴ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጃቸው ወልዳለች፤ አራስ ጥየቃ መሄድ ፈለጉ። ጋቢና ገቡ። ጭናቸው ላይ አንድ ትልቅ ቅል አለ። የተጠራቀመ እርጎ ነው፤ እዚያው ደርሰው ሊንጡት።

"እማማ፣ እዚህ ንጠው ቅቤውን ብቻ ቢይዙ አይቀልም?" አልኳቸው።

"ለአራስ ትኩሱ ነው የሚሻለው። አንተ መንገድህን እይ።"

መንገዴን አየሁ። ደምበጫ ስንደርስ ምሳ ብለን ወረድን። መኪናዋ እንደ ልማዷ እየተንዘፈዘፈች ቆመች። አማቴ ቅሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው እንዳይወድቅ በነጠላቸው ከመደገፊያው ጋር አሰሩት። ምሳው ወጥ እስኪሞቅ፣ እንጀራ እስኪመጣ፣ ቡና እስኪደገም ቆየ። እሳቸው ደግሞ የባለቤቲቱን ዘር ቆጥረው ዝምድና እስኪያገኙ ድረስ አይነሱም። በመጨረሻ አገኙ።

ስንመለስ ቅሉን አንስተው ጆሮአቸው ሥር ነቅነቅ አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ። እንደገና ነቀነቁት። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ሲወጣ ጫፉ ላይ ቢጫ የቅቤ እንክብል አለ።

"ተንጧል!"

እልልታው ደምበጫን አዳረሰ። ምግብ ቤቱ ሙሉውን ወጥቶ ቅሉን ከበበ። እውነቱን ለመናገር ከቡሬ ጀምሮ ያለው ጉድጓድም የራሱ ድርሻ አለው፤ ምስጋናውን ግን ሞተሩ ብቻውን ወሰደ። አማቴ የጋቢናውን በር እየዳበሱ መኪናዋን መረቋት። "እኔ እጄ እስኪዝል የምገፋውን! ይቺ የተባረከች ናት!" አንዷ ሴትዮ ደግሞ ቀረብ ብላ በሹክሹክታ ለአንድ ቅል ስንት እንደማስከፍል ጠየቀችኝ። ረዳቴ ሊደራደር ሲል በክርን ጎሸም አደረግኩት።

ደብረ ማርቆስ አማቴን ካደረስኩ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠቆሙኝ። ሰውዬው ወሬ አይወዱም። ሳልጠየቅ "ማስተር፣ ቱርቦው ነው ይሉኛል" አልኩ።

"እነማን?"

"ሁሉም።"

ምንም ሳይሉ ካቻቢቴ አነሱና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ትልቁን ቱቦ ነቀሉት። ልቤ ቀጥ አለ። ሞተሩ ግን ምንም አልመሰለውም፤ መንቀጥቀጡ ያው ነው፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "አየህ? ሚኒሞ ላይ ጭሱ ትንሽ ነው። ቱርቦው ገና እንቅልፍ ላይ ነው። የተኛን ሰው በሌብነት ትከሳለህ?"  ቱቦውን መለሱና ማሰሪያ ቀለበቱን፣ ፋሸታውን፣ አጠበቁ። ቱርቦ ከክስ ነጻ ወጣ።

ቀጥለው ናፍጣ ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱትን ቧንቧዎች በየተራ ላላ እያደረጉ አዳመጡ። አንዱ ሲላላ ሞተሩ ይደክማል፤ ሲጠብቅ ይመለሳል። አራቱም ላይ እንደዚያው ሆነ። አንደኛው ሲላላ ለውጥ ባይኖር ኖሮ ድሮውንም የማይሠራው ፒስቶን እሱ ነው ማለት ነበር። (ይህን አይታችሁ በዘመናዊዎቹ በኮምፒውተር በሚታዘዙት ሞተሮች ላይ እንዳትሞክሩት። የእነሱ ቧንቧ ግፊት ቆዳ ይበሳል። የእኔዋ አሮጌ ናት፤ እሷም ብትሆን ግፊቷ ቀላል አይደለም።)

"አራቱም ይሠራሉ። እንግዲህ በሽታው የሳንባ ሳይሆን የሆድ ነው" አሉና ረዳታቸውን ጎረቤት ወደሚገነባው ቤት ላኩት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን ያንን ውስጡ የሚታይ ቱቦ ተውሶ መጣ። ቁራጩን ከታንከሩ ወደ ፊልትሮ በሚሄደው መስመር መሐል ሰኩት። ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ናፍጣው ብቻውን አይመጣም፤ አረፋ ተከትሎታል። አረፋው በዛ ሲል ሞተሩ ይሰምጣል፣ ሲያልፍ ይነሳል። ለካ ያ ሁሉ ጭፈራ በአየር ነው።

ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ከጋቢናው በላይ ሰቀሉና ታንከሩን ትተው መስመሩን በቀጥታ እዚያ አገናኙት። በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። አስነሱ። ጊዮርጊስ ፈረሱን አቆመ! አህያው አንድ ሆነ! ረዳቴ "ኧረ በስማም" ሲል ቃሉ ሳይቆራረጥ ተሰማኝ።

"ታንከሩን እንይ" አሉ ማስተር።

የታንከሩ አፍ በፌስታል ተሸፍኖ በሽቦ ታስሯል። ረዳቴ "ሌባ እንዳይከፍተው ነው" ብሎኝ ነበር፤ አስተዋይ ልጅ ነው ብዬ አመስግኜዋለሁም። ማስተር ሽቦውን ፈቱ፣ ፌስታሉን ገለጡ፣ ጨርቁን ገለጡ። ከሥሩ ምን ወጣ? የበቆሎ ቆረቆንዳ!

ጸጥታ ሆነ።

"ክዳኑስ?"

"ተሰረቀ" አለ ረዳቴ መሬት መሬት እያየ። "ገዝቼ እስክተካ ብዬ ነው። እኛ ቤት የአረቄ ጀሪካን የሚወተፈው በዚህ ነው። ምንም ሆኖ አያውቅም።"

"አረቄውን የሚጠጣው ሰው ነዋ!" አሉ ማስተር።

ቆረቆንዳው ናፍጣ ውስጥ እየረገፈ፣ ጨርቁም ክሩን እየጣለ መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ደፍነዋታል። ፓምፑ ናፍጣ ሲያጣ አጥብቆ ይስባል። ከታንከሩ በሚወጣው መስመር ላይ ባለው ፋሸታ ሥር የተሰነጠቀ ጎማ ነበርና በዚያ በኩል አየር ይገባል። ያ መስመር የሚስብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ ለዚህ ነው ያ ሁሉ የመንገድ ላይ ሊቅ ያላየው። ስናጠፋትም ናፍጣው በዚያው ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ አለመነሳቷም ከዚህ ነው።

ታንከሩ ታጠበ። ጎማውና ፊልትሮው ተቀየሩ። እውነተኛ ክዳን ከነቁልፉ ተገዛ። ሒሳቡ ከቱርቦው ጋር ሲነጻጸር የበሬዎቹን ጅራፍ ቢገዛ ነው። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

አማቴን ለመመለስ ስሄድ ደጅ ላይ ቅሉን ታቅፈው ጠበቁኝ። የቆመጠጠ እርጎ ከልጃቸው ጎረቤት ለምነው ሞልተውታል። ቡሬ እስክንደርስ በየከተማው "እስኪ ትንሽ ቆም በል፣ ሞተሩን ግን እንዳታጠፋው" እያሉ አስቆሙኝ። ቡሬ ስንገባ ቅሉን ጆሮአቸው ሥር ነቀነቁት። ከፈቱት። ጣታቸው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እርጎው ያው እርጎ ነው።

"ምን አደረጋችኋት?"

"አሠራኋት እማማ። ድናለች።"

"ደህናዋን መኪና አበላሽተህ!" በሩን ድርግም አድርገው ወረዱ።

ረዳቴ እስኪርቁ ጠበቀና ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ጋሼ" አለኝ፣ "ቆረቆንዳውን እኮ አልጣልኩትም።"